ለመንታ ልጆች ማዘያ መምረጥ፦ በ18 ወራት ውስጥ የተጠቀምንባቸው ማዘያዎች

መንታ ሴቶች ልጆቼ የተወለዱት በ36ኛው ሳምንት ሲሆን፣ በተወለዱበት ዕለት ትልቋ 2.3 ኪሎ፣ ትንሿ ደግሞ 1.9 ኪሎ ይመዝኑ ነበር። የምንኖረው በሜሪላንድ ግዛት፣ በሲልቨር ስፕሪንግ፣ አሳንሰር በሌለው ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለቤቴ ሌሊት ይሠራል፣ ቀን ይተኛል። እናቴ ልታርሰኝ ከደብረ ማርቆስ መጥታ አምስት ወር ያህል አብራን ከቆየች በኋላ ወደ አገሯ ስለተመለሰች፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜ በአብዛኛው ከሁለቱ ልጆች ጋር ብቻዬን ነው የምውለው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ስለ ማዘያ የምሰጠው አስተያየት ሁሉ ከዚህ ኑሮ የመጣ በመሆኑ ነው። ሰፊ ግቢ ያለው ወይም አያትና አክስት በቅርቡ ያሉለት ቤተሰብ ሌላ ነገር ሊመርጥ ይችላል።

ነፍሰ ጡር ሳለሁ፣ ሁለት መሆናቸው በተነገረኝ ሳምንት፣ ኢንተርኔት ላይ «የመንታ ማዘያ» እያልኩ መፈለግ ጀመርኩ፤ ሁለቱን ባንድ ጊዜ የሚይዝ አንድ ዕቃ ከተገኘ ነገሩ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ዛሬ መንታ ያረገዙ እህቶች ሲጠይቁኝ የምመልስላቸው ሌላ ነው። ማዘያው ስንት ልጅ ይይዛል ከማለት በፊት ሁለት ነገሮች ሊጠየቁ ይገባል። አንደኛው፣ ከሁለቱ ልጆች ትንሹ ዛሬ ስንት ኪሎ ይመዝናል የሚለው ነው። ሁለተኛው ደግሞ ማዘያውን አንድ ሰው ያለማንም እርዳታ ታጥቆ፣ ልጆቹን አስገብቶ፣ መልሶ በሰላም ሊያወርዳቸው ይችላል ወይ የሚለው ነው። የገዛናቸውንም፣ የተዋስናቸውንም፣ እናቴ በሻንጣ ያመጣችውንም ማዘያ እዚህ የምመዝነው በነዚህ በሁለት ጥያቄዎች ነው።

በክብደቱ ልጀምር። በአሜሪካ ከሚወለዱ መንታ ልጆች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት 37ኛው ሳምንት ሳይሞላ የሚወለዱ ሲሆኑ፣ ብዙዎቹም ከ2.5 ኪሎ በታች ናቸው። በገበያ ላይ የታወቁት ማዘያዎች ግን ዝቅተኛ የክብደት ወሰናቸው ከዚህ ከፍ ያለ ነው። ለምሳሌ የኤርጎቤቢ «ኦምኒ 360» ከ3.2 እስከ 20 ኪሎ ገደማ ላለው ልጅ የተሠራ ሲሆን፣ የስዊድኑ ቤቢቢዮርን «ሚኒ» የሚባለውም የሚጀምረው ከዚያው ከ3.2 ኪሎ ነው። ይህ ቁጥር በማዘያው ውስጠኛ ምልክት ላይ በፓውንድ፣ ማለትም 7 ፓውንድ ተብሎ ይጻፋል። የእኔ ትንሽ ልጅ እዚያ ለመድረስ ስምንት ሳምንት ፈጅቶባታል። በእርግዝናዬ ወቅት በስጦታ የመጣው ማዘያ እነዚያን ሁሉ ሳምንታት ካርቶኑ ውስጥ ነው ያሳለፈው። ትልቋ ቀድማ ስለደረሰች ለእርሷ ብቻ መጠቀም ይቻል ነበር፤ ነገር ግን ሁለቱ አንድ ቀን ተወልደው ሳለ ለማዘያ እኩል እንደማይደርሱ መገንዘብ ያለብን እዚህ ላይ ነው። አምራቹ የጻፈው ወሰን መነበብ ያለበት ከትንሹ ልጅ ክብደት ጋር እየተነጻጸረ ነው።

በነዚያ ሳምንታት ያለ ማዘያ ቀረን ማለት ግን አይደለም። በሆስፒታል ሳለን ነርሷ ልጆቹን ከዳይፐርና ከኮፍያ በቀር ራቁታቸውን ደረቴ ላይ ጎን ለጎን አስተኝታ፣ ከላይ ሰፊ ጨርቅ ጠቅልላ አሰረችልን። የካንጋሮ እንክብካቤ የሚባለው ይህ ነው። በ1970ዎቹ መጨረሻ በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ የሕፃናት ማሞቂያ በቂ ባልነበረበት ሆስፒታል ተጀምሮ ወደ ዓለም የተሰራጨ ሲሆን፣ በእኛም አገር በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ጥናት ተደርጎበታል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 ባወጣው መመሪያ፣ ያለጊዜያቸው ለተወለዱና ክብደታቸው አነስተኛ ለሆነ ሕፃናት ከተወለዱበት ጊዜ ጀምሮ በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲደረግ ይመክራል። ቤት ከገባን በኋላም ባለቤቴ አንዷን፣ እኔ ሌላዋን እየያዝን ቀጠልንበት። ለዚህ የሚያስፈልገው ሰፋ ያለ ንጹሕ ጨርቅና ነቅቶ የሚቀመጥ ሰው ብቻ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መንታ ልጆች ከሚገዛ ማዘያ ሁሉ ይልቅ የሚያስፈልጋቸው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ክብደቱ ላይ እንዲህ የምቆመው ምክንያት ስላለኝ ነው። የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደህንነት ኮሚሽን በመጋቢት 2010 ትከሻ ላይ ስለሚንጠለጠሉ የጨርቅ ማዘያዎች ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ በ20 ዓመታት ውስጥ ከነዚህ ማዘያዎች ጋር በተያያዘ 14 ሕፃናት እንደሞቱ፣ ከነዚህም 12ቱ አራት ወር ያልሞላቸው እንደነበሩ አስታውቋል። ከሞቱትም ውስጥ ብዙዎቹ አነስተኛ ክብደት ያላቸው መንታዎች፣ ያለጊዜያቸው የተወለዱ ወይም እንደ ጉንፋን ያለ የመተንፈስ ችግር የነበረባቸው ናቸው ብሎ፣ የመንታ ወላጆች አስቀድመው ሐኪም እንዲያማክሩ ለይቶ አሳስቧል። ምክንያቱ ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። የጨቅላ ራስ ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር ከባድ ነው፣ አንገቱ ደካማ ነው፣ የአየር መተላለፊያው ቀጭን ነው፤ ጨርቁ ሲረግብ ሕፃኑ ታጥፎ አገጩ ደረቱ ላይ ይተኛና ድምፅ ሳያሰማ አየር ያጥረዋል። ስለዚህ ማዘያው የትኛውም ይሁን፣ ልጁ ጥብቅ ብሎ መታሰሩን፣ ፊቱ ሁልጊዜ መታየቱን፣ አናቱ ጎንበስ ብለን ልንስመው በምንችልበት ቅርበት መሆኑን፣ በአገጩና በደረቱ መካከል ቢያንስ አንድ ጣት የሚያስገባ ክፍተት መኖሩን፣ ጀርባውም ተደግፎ መያዙን ማረጋገጥ ይገባል። ሁለት ልጅ ሲያዝ ይህ ሁሉ ሁለት ጊዜ ነው የሚታየው፤ አንዷ ስታለቅስ ዓይናችን ወደ እርሷ ሲሄድ ዝም ያለችው እንዳትረሳ።

አሁን ወደ ማዘያዎቹ ልግባ። የመጀመሪያው እናቴ ያመጣችው አንቀልባ ነው። ሻንጣዋን ስትከፍት ከበሶው፣ ከአብሹና ከቅቤው ሥር በነጠላ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። ነጠላው ሲገለጥ የለፋ ቆዳ ሽታ ክፍሉን ሞላው። ከዳርና ዳሩ የተሰፋው ዛጎል ሁለት ቦታ ወልቋል፤ ጠፍሩ ከብዙ ዘመን አገልግሎት ጠቁሮ እንደ ሐር ለስልሷል። እኔንም ታናናሾቼንም ያዘለችበት ነው። እኔ ወዲያው የምታዝልበት መስሎኝ ትልቋን ላቀብላት ስል፣ «ተይ ልጄ፣ አንገቷ ሳይጠና አትታዘልም» ብላ አንቀልባውን መልሳ ጠቀለለችው። መጽሐፍ ያነበበች ሴት አይደለችም፤ ነገር ግን በማዘያዎቹ መመሪያ ላይ ልጅ ጀርባ ላይ የሚታዘለው ራሱን መቆጣጠር ከቻለ በኋላ ነው ተብሎ የተጻፈውን ቃል በቃል ነው የነገረችኝ። ሁለቱን እንዴት ብቻዬን እንደማዝል ስጠይቃትም፣ እነርሱ ሰፈር መንታ የወለደች ሴት አንዱን ስታዝል ሌላውን አያቱ ወይም ታላቅ እህቱ እንደምታዝልለት ነገረችኝና፣ «ሁለት ልጅ ሁለት ጀርባ ይፈልጋል፣ የኔ እናት» አለችኝ።

ልጆቹ አራት ወር ተኩል ሲሆናቸው አንቀልባው ሥራ ጀመረ። በጥቅሙ በኩል ሁለት ነገር ልመስክር። የልጁ ጭን ተከፍቶ የእናቱን ጀርባ ስለሚያቅፍ ጉልበቱ ከመቀመጫው ትንሽ ከፍ ይላል፤ በዳሌ መጋጠሚያ ዕድገት ላይ የሚሠራው ዓለም አቀፍ ተቋምም ለማዘያ የሚመክረው አቀማመጥ ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ፣ ቆዳው እንደ ጨርቅ አይሳብም፣ አይረግብም፤ ጠዋት የታዘለ ልጅ እስኪወርድ ድረስ እዚያው ከፍታ ላይ ይገኛል። በሌላ በኩል ጠፍሩ ደረት ላይ ሲሻገር ወተት የሞላ ጡት ይጫናል፣ የሜሪላንድ የሐምሌ ወበቅም ለቆዳ አይመችም፤ የልጄ ደረትና የእናቴ ጀርባ በላብ ሲርስ አይቻለሁ። ዋናው ችግር ግን ሌላ ነው፤ አንቀልባ ጎንበስ ብሎ ልጅን ጀርባ ላይ አመቻችቶ ማሰርን የሚጠይቅ የእጅ ሙያ ነው። እናቴ በአንድ ትንፋሽ የምታደርገውን እኔ ሌላ ሰው ልጁን ሳይዝልኝ አንድም ቀን አልቻልኩበትም። ስለዚህ በሁለተኛው ጥያቄዬ ለእናቴ አለፈ፣ ለእኔ ወደቀ።

በመካከሉ የተጠቀምነው የሚለጠጥ ረጅም ጨርቅ ነው። ርዝመቱ አምስት ሜትር ያህል ነው፤ ወገብ ላይ ዞሮ፣ በሁለቱ ትከሻ ተሻግሮ፣ ደረት ላይ መስቀለኛ ኪስ ይሠራል። ሞቢና ቦባ በዚህ ዓይነት የታወቁ ስሞች ናቸው። ትንሿ ወሰኑን ካለፈች በኋላ በጣም ያገለገለን ይህ ነው፤ ዋጋውም ከሌሎቹ ሁሉ ያነሰ ነበር። ክርስትና በተነሱበት በ80ኛው ቀን አንዷ በክርስትና እናቷ እጅ፣ ሌላዋ በነጠላዬ ሥር በዚህ ጨርቅ ታስራ ነበር። ጋሪ በማይገባበት፣ ጫማ ወልቆ ለረጅም ሰዓት በሚቆምበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ እጄ ነጻ ሆኖ፣ ልጄም ከደረቴ ሳትለይ ቅዳሴው ተጠናቀቀ። አንዳንድ እናቶች ሁለቱንም ልጆች በዚሁ ጨርቅ ባንድ ጊዜ ያስራሉ። እኔ ግን አላደረግሁትም፣ ለማንም አልመክርም። ከጨርቁ ጋር የመጣው መመሪያ ለአንድ ልጅ ብቻ ይላል፤ በዚያ ላይ የሚለጠጥ ጨርቅ ክብደት በበዛበት መጠን እየተሳበ ይወርዳል። አንድ ልጅ ይዤ እንኳ ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ብላ ስለማገኛት ፈትቼ እንደገና አስራለሁ፤ ሁለት ሲሆኑ ደግሞ አንዷ ወደ ሌላዋ ታዘነብላለች። የቀዶ ሕክምና ቁስል ላለባት አራስ ግን የወገብ ቀበቶ ስለሌለው ይህን የሚያህል የለም። ጠንካራ ቀበቶ ያላቸው ማዘያዎች ቁስሌ ላይ ስለሚያርፉ እስከ አሥረኛው ሳምንት ድረስ መታጠቅ አልቻልኩም ነበር።

ሁለቱንም ከፊት ጎን ለጎን የሚይዝ፣ ለትናንሽ መንታዎች ተብሎ የተሠራም አለ። ከነዚህ ውስጥ የሚታወቀው የጀርመኑ «ዊጎ ትዊን» ነው። እኛ ለሦስት ሳምንት የተዋስነው የዚህ ዓይነት ማዘያ ነበር፤ ስሙ ሌላ ነው። ሁለቱ ልጆች በየራሳቸው ኪስ ውስጥ ደረት ላይ ሲተኙ ማየት ልብ ያርሳል፣ አሠራሩም ከጨርቁ የበለጠ አስተማማኝ ነው። ሆኖም ክብደቱ በሙሉ ከፊት ስለሚሆን ልጆቹ ጥቂት ወር ሲሞላቸው ወገብ ይጎዳል፤ ተቀምጦ መነሣትም ያስቸግራል። ለአጭር ጊዜ የሚያገለግል ስለሆነ ከተገኘ መዋስ እንጂ መግዛት አያስፈልግም የሚል አስተያየት አለኝ።

አሁን ብዙ ያገለገለንንና ከሁሉ በፊት እንዲገዛ የምመክረውን ልናገር፤ እርሱም የመንታ ማዘያ የሚል ስም የሌለው፣ የወገብ ቀበቶና የተደላደለ ማንገቻ ያለው ተራ የነጠላ ማዘያ ነው፤ ሁለት ቢሆን ይመረጣል። እናቴ እዚህ ሳለች ልጆቹን ለክትባት ስንወስድ አንዷን እርሷ፣ አንዷን እኔ ይዘን ወጥተን ገብተናል። ባለቤቴ ቅዳሜ ጠዋት አንዷን ታጥቆ ወደ እንጀራ ቤት ሲሄድ ሌላዋ ከእኔ ጋር እንቅልፏን ትጨርሳለች። ብቻዬን ስሆን አንዷ ደረቴ ላይ፣ ሌላዋ በነጠላ ጋሪ ውስጥ ትሆናለች። ይህ አያያዝ ከመንታ ጋሪ ይልቅ ያዋጣኝ ነው፤ ጎን ለጎን የሚያስቀምጠው ጋሪ በጠባብ የሱቅ መደርደሪያዎች መካከል አያልፍም። አንድ ቀን ደግሞ ባቡር ጣቢያ አሳንሰሩ ተበላሽቶ ስደርስ፣ ትልቁን ጋሪ ይዤ ከደረጃው ሥር አሥራ አምስት ደቂቃ ቆሜ፣ ሁለት የማላውቃቸው ወጣቶች ተሸክመው አውጥተውልኛል። በሚቀጥለው ጊዜ አንዷን ደረቴ ላይ አድርጌ፣ ነጠላውን ጋሪ አጣጥፌ፣ ሌላዋን በክንዴ አቅፌ ብቻዬን ወጥቻለሁ። ሁለቱን ማዘያዎች ስትመርጡ ከአባትየው ሰውነት ወደ እናትየው ሰውነት ማንገቻው በፍጥነት የሚስተካከል መሆኑን ሱቅ ውስጥ ሞክሩት። እኛ አንዱን ለእርሱ፣ አንዱን ለእኔ አድርገን በመተዋችን ሌሊት ከሥራ ሲገባ ማሰሪያ ከማስተካከል ድነናል።

እዚህ ላይ ያጋጠመኝን አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ሁለተኛውን ማዘያ ስንገዛ ገንዘብ ለመቆጠብ ስል ኢንተርኔት ላይ በጣም ርካሽ የሆነ፣ ሥዕሉ ከታወቁት ጋር አንድ የሚመስል ማዘያ አዘዝኩ። በአራተኛው ሳምንት፣ ልጅቷ ደረቴ ላይ ሳለች የወደቀ ማንኪያ ላነሣ ጎንበስ ስል፣ የቀኙ ማንገቻ ከመቆለፊያው ውስጥ ቀስ እያለ ሲሸሽ ትከሻዬ ላይ ተሰማኝ። በእጄ ስለያዝኳት ምንም አልሆነችም። ማሰሪያውን በኋላ ሳየው መቆለፊያው ውስጥ ያሉት የፕላስቲክ ጥርሶች ተበልተዋል። ምልክቱንም ፈልጌ አየሁ፤ የክብደት ወሰን፣ የተመረተበት ቀንና የአምራቹ አድራሻ የሚባል ነገር አልነበረውም። በአሜሪካ ሕጋዊ የሆነ ማዘያ እነዚህን ሁሉ በማይጠፋ ጽሑፍ ይዞ መገኘት አለበት። ከዚያ ወዲህ ማንኛውንም ማዘያ ስቀበል ልጅ ከማስገባቴ በፊት አምስት ኪሎ ጤፍ በከረጢት አስገብቼ እዘላለሁ፣ እጎነበሳለሁ፣ ማሰሪያውንም በቀለም ምልክት አድርጌ መንሸራተቱን አያለሁ።

ከፊትና ከኋላ ሁለት ልጅ የሚይዘው እውነተኛው የመንታ ማዘያ ተራው የደረሰው ልጆቹ ስድስት ወር ሊሞላቸው ሲል ነው፤ እናቴ ከሄደች አራተኛ ሳምንቷ ነበር። ከዚህ ዓይነት የሚታወቀው «ትዊንጎ» ሁለት የነጠላ ማዘያዎች ተያይዘው አንድ የሚሆኑበት፣ ሲፈለግም ተለያይተው ሁለት ወላጆች የሚይዙት ሲሆን፣ እያንዳንዱ ከ4.5 እስከ 20 ኪሎ ላለው ልጅ የተሠራ ነው። ይህ መለያየቱ ትልቅ ቁም ነገር ነው፤ ሁለቱን ባንድ ላይ ማዘል ባቆምንበት ጊዜ ዕቃው ከንቱ አይሆንም። በሚገዛበት ጊዜ ግን ዋጋው ከባድ ነው፤ እኛ ለዚህ ዓይነት ማዘያ ከ200 ዶላር በላይ ከፍለናል።

ብቻ ለብቻ እንዴት እንደሚታጠቅ ማንም በቅርብ ስላላሳየኝ እኔ የማደርገውን በዝርዝር ልጻፈው። የወገብ ቀበቶውን አስቀድሜ እቆልፋለሁ። ትልቋን ሶፋው ላይ፣ ከመደገፊያው ጋር አስጠግቼ አስቀምጣታለሁ፤ ትንሿ ወለሉ ላይ ምንጣፉ መሐል ትተኛለች። ጀርባዬን ለትልቋ ሰጥቼ ሶፋው ጫፍ ላይ እቀመጥና፣ በአንድ እጄ ወደ ኋላ እየያዝኳት የጀርባውን ጨርቅ ከፍ አድርጌ ማንገቻዎቹን አጠልቃለሁ፤ ወደ ፊት ጎንበስ ብዬ ሙሉ ክብደቷ ጀርባዬ ላይ ሲያርፍ ማንገቻውን እስበዋለሁ። በመስታወት ፊቷን አያለሁ። ከዚያ ወገቤን ሳይሆን ጉልበቴን አጥፌ ትንሿን ከወለሉ አነሣለሁ፣ ደረቴ ላይ አድርጌ የፊቱን ጨርቅ አነሣና ግራና ቀኝ እቆልፋለሁ። ስናወርድ በተቃራኒው ነው፤ የፊቷ መጀመሪያ፣ የጀርባዋ በመጨረሻ። የመጀመሪያው ቀን ሩብ ሰዓት ፈጅቶብኝ ሁለቱም አለቀሱ፣ እኔም ከእነርሱ ጋር አለቀስኩ። በሁለተኛው ሳምንት አራት ደቂቃ በቃኝ። ከባዷን ከኋላ ማድረግ ይሻላል፤ ጀርባ ከደረት የበለጠ ይችላል።

ሦስት ፎቅ ደረጃ ብቻዬን ከሁለቱ ጋር ወርጄ የወጣሁበት ዕለት ይህን ማዘያ በመግዛቴ አላዘንኩም። ከዚያ በፊት አንዷን ታች ጋሪ ውስጥ ትቼ ሌላዋን ልወስድ መውጣት፣ ወይም አንዷን ላይ አልጋ ውስጥ ትቼ መውረድ ነበረብኝ፤ ሁለቱም አያስተማምንም። ነገር ግን ከፊት ልጅ ሲኖር እግራችን የሚረግጠው አይታይም። ደረጃ ስወርድ የብረቱን መደገፊያ በቀኝ እጄ ሳልይዝ፣ በእግሬ ጫፍ እያንዳንዱን እርከን ሳልዳስስ አልወርድም፤ በረዶ በጣለ ቀን ጨርሶ አልታጠቀውም። ክብደቱንም አቅልላችሁ አትዩት። በስድስተኛው ወር ሁለቱ ልጆቼ ባንድ ላይ 12.9 ኪሎ፣ በአሥረኛው ወር 16.1 ኪሎ ደርሰዋል፤ ማዘያውና የዳይፐሩ ቦርሳ ሲጨመር የተሞላ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን መሸከም ማለት ነው። ከሃያ ደቂቃ በላይ በእግር የተጓዝኩበት ጊዜ ጥቂት ነው። ከአሥራ አንደኛው ወር በኋላ፣ የፊቷ እግር የእኔን ጭን እየመታ ስታስቸግር፣ ሁለቱን ባንድ ላይ ማዘል አቆምኩ። ስለዚህ እውነተኛው የመንታ ማዘያ በእኛ ቤት የሠራው ለአምስት ወር ነው። እነዚያ አምስት ወራት ብቻዬን የነበርኩባቸው ስለሆኑ ዋጋውን ከፍሏል እላለሁ፤ ረዳት ያላት እናት ግን ሁለቱ የነጠላ ማዘያዎች ይበቋታል። ሁለት የተለያዩ የነጠላ ማዘያዎችን ከፊትና ከኋላ ደርባ የምታዝል ሴት አይቻለሁ፤ ማንገቻ በማንገቻ ላይ ሲደረብ አንዱ ሌላውን እንደሚያንሸራትተው ስለማየቴ፣ አምራቹም ስለማይፈቅደው እኔ አልሞከርኩትም።

ለሁሉም ማዘያዎች የሚሆን ጥቂት ነገር ልጨምር። ልጅ ታዝሎ እሳት ዳር መቅረብ የለም፤ ቡና ስናፈላም ልጆቹ ከማዘያው ወርደው ከረከቦቱ ራቅ ብለው ነው የሚቀመጡት፤ ጀበናው ሲንተከተክ የምታየው ልጅ እጇን እንደምትሰድ እያየሁ ነው። በማዘያ ውስጥ ያለ ልጅ መኪና ውስጥ የራሱን መቀመጫ አይተካም። ለበጋ መረብ ያለው ጨርቅ ይመረጣል። ያለጊዜያቸው የተወለዱ ልጆች ከሆስፒታል ሲወጡ በመኪና መቀመጫቸው ላይ ተቀምጠው ትንፋሻቸው የሚፈተሽበት አሠራር አለ፤ የእኛም ልጆች አልፈውታል፤ ያን ቀን ስለ ማዘያም ሐኪሙን ጠይቁ፤ እኔ ያገኘሁት ምላሽ ከማንኛውም ማስታወቂያ የጠቀመኝ ነው።

ያገለገለ ማዘያ መግዛት ወይም መቀበል ነውር የለውም፤ በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ ከእጅ ወደ እጅ የሚያልፍ ብዙ አለ። የተሰፋበት ክር አለመተርተሩን፣ መቆለፊያው ቀጭ ብሎ መዘጋቱን፣ ምልክቱ አለመቆረጡን አይታችሁ፣ የሞዴሉን ስም ከገበያ ከተሰበሰቡ ዕቃዎች ዝርዝር ጋር አመሳክራችሁ ተቀበሉ። የታወቁ ስሞችን አስመስለው የሚሠሩ ስላሉ በጣም የረከሰ አዲስ ዕቃ ካገለገለ ትክክለኛ ዕቃ የባሰ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ላለች መንታ ለወለደች እህት ዕቃ የምትልኩ ደግሞ፣ እኔ ለእህቴ ልጅ እንዳደረግሁት፣ ትልቁንና ውዱን የመንታ ማዘያ በሻንጣ ከማጨናነቅ ሁለት ጥሩ የነጠላ ማዘያዎች ላኩላት፤ እዚያ ሁለተኛ ጀርባ አይታጣም።

ልጆቼ አሁን 18 ወር ሆኗቸዋል። ከማዘያዎቹ ውስጥ ዛሬም የሚሠሩት ሁለቱ የነጠላዎቹ ናቸው፤ ማታ አንዷ አልተኛም ስትል ባለቤቴ ጀርባው ላይ አድርጓት ይንጎራደዳል። አንቀልባውን እናቴ ይዛው ልትመለስ ስትል ለምኜ አስቀርቼዋለሁ። የመንታ ማዘያውን ባለፈው ወር በቤተ ክርስቲያናችን መንታ ለወለደች እህት ሰጠኋት። ልጆቿ ሦስት ወር ናቸው፣ ትንሹ 3.9 ኪሎ ነው። 4.5 ኪሎ እስኪሞላው፣ ከኋላ የሚታዘለውም አንገቱ እስኪጠና ድረስ ከካርቶኑ እንዳታወጣው ነግሬያታለሁ፤ እስከዚያው የሚለጠጠውን ጨርቅ እንድታስር ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ቤቷ ሄጄ አሳያታለሁ።